የደበቅኳት መጽሐፍና የላይብረሪው ሰዎች

ባለፈው እሁድ ነው። የእህቴ ልጅ ቤት መጥታ ምሳ እየበላን ነበር። ዘንድሮ ተመራቂ ናት፤ የመመረቂያ ጽሑፏን እየጻፈች ነው። በጨዋታ መሃል ድንገት «ጋሼ፣ ቆይ ግን እነዚህ የላይብረሪ ሠራተኞች ሥራቸው ምንድነው?» አለችኝ።

«እንዴት ማለት?» አልኳት።

«አይ፣ አንዱ በር ላይ ቦርሳ ይፈትሻል፤ አንዷ ቁጭ ብላ ‹ዝም በሉ!› ትላለች፤ ሌሎቹ ሻይ ይጠጣሉ። እኔ እንደሆነ የምፈልገው ሁሉ ስልኬ ላይ አለ!»

እናቷ ሳቀች። እኔ ግን ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። ለምን መሰላችሁ? ከሃያ ዓመት በላይ ለሰው ሳልናገር የያዝኩት አንድ ጉድ ስለነበረኝ ነው። ያን ዕለት ለእሷ ተናዘዝኩ። ዛሬ ደግሞ ለእናንተ ልናዘዝ። ታዲያ ኑዛዜውን ሰምታችሁ ብቻ እንዳትሄዱ! በዚያውም የላይብረሪ ሰዎች ምን እንደሚሠሩ፣ ለእናንተም ምን እንደሚጠቅሟችሁ አጫውታችኋለሁ።

ሦስት መጽሐፍ ለሰማንያ ተማሪ

ዘመኑ 1990ዎቹ አጋማሽ ነው፤ በእኛው አቆጣጠር። የተማርኩበትን ዩኒቨርሲቲ ስም ልለፈው። ያኔ ስልክ ውስጥ መጽሐፍ የለም፤ እንዲያውም አብዛኞቻችን ስልኩም የለንም። አንድ ኮርስ ሲጀመር መምህሩ የአንድ ወፍራም ቴክስት ስም ሰሌዳ ላይ ጽፎ ይወጣል። መጽሐፉ ላይብረሪ ውስጥ ሦስት ኮፒ አለ። ተማሪው ሰማንያ ነው። እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት!

ለዚህ ነው «ሪዘርቭ» የሚባል ክፍል የነበረው። መታወቂያህን ታስይዛለህ፣ መጽሐፉን ለሁለት ሰዓት ትወስዳለህ፣ እዚያው አዳራሽ ውስጥ አንብበህ ትመልሳለህ። በየጠረጴዛው ደብተር ወርውሮ ቦታ የሚይዘው፣ ተኝቶ የሚያንኮራፋው፣ ለጥናት ሳይሆን ለጠበሳ የመጣው፣ ሁሉም እዚያው ነው። የሪዘርቩ ሠራተኛ ጠና ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ነበሩ። «ሰዓት ደርሷል» የምትል ቃላቸው ስለማትለያቸው ስማቸውን ትተን «ጋሽ ሰዓት» ነበር የምንላቸው። አንወዳቸውም ነበር። በእኛ ቤት ሥራቸው መጽሐፍ ከእጃችን መንጠቅ ነው።

ለኢኮኖሚክስ ፈተና ሦስት ቀን ሲቀረው ሰይጣን መከረኝ። ቴክስቷን አወጣሁ። ጀርባዋ ላይ ያለችውን የቁጥር ወረቀት በጥፍሬ ላጥኳት፤ ማንም ሲያልፍ እንዳያውቃት ነው። ከዚያ ማንም ወደማይደርስበት የድንጋይና የማዕድን መጻሕፍት መደርደሪያ ሄጄ ከኋላ ሸጎጥኳት። ማታ ሲዘጋ አርባ ተማሪ «የኔን መታወቂያ! የኔን!» እያለ ሲጋፋ እኔም ገባሁና «ጋሼ፣ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ» አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ። አመኑኝና መታወቂያዬን ሰጡኝ።

ሦስቱን ቀን ብቻዬን አነበብኳት። ፈተናውን አለፍኩ፤ እንዲያውም «ኤ» ነው ያገኘሁት። መጽሐፏን ግን እዚያው እንደተሸጎጠች ረሳኋት።

ማህተሙ ሳይደርቅ

ወራት አለፉና ሰኔ መጣ። ምርቃት ደረሰ። ክሊራንስ የሚባለውን ወረቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከዶርም፣ ከካፌ፣ ከስፖርት ክፍል፣ ከሁሉም ዕዳ እንደሌለብህ ፊርማ ታሰባስባለህ። ከሁሉም የሚፈራው የላይብረሪው ነው። የላይብረሪ ማህተም ከሌለህ ዲግሪህን አታገኝም።

የሰርኩሌሽን ክፍሏ ሴትዮ ሣጥን ስባ ስሜን ፈለገች። ሰርኩሌሽን ማለት መጽሐፍ የሚያውስና የሚመልስ ክፍል ነው፤ ማን ምን እንደወሰደ፣ መቼ እንደሚመልስ፣ ማን ስንት ቀን እንዳሳለፈ የሚያውቅ። «ንጹህ ነህ» አለችና ማህተሟን ቷ! አደረገች።

ደስ ብሎኝ «ጋሽ ሰዓት የሉም እንዴ ዛሬ?» አልኳት።

«ቆጠራ ላይ ናቸው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አንድ መጽሐፍ ጎድሎባቸዋል። ከውጭ በዶላር የተገዛ ነው። በስማቸው የተረከቡት ስለሆነ ከደመወዛቸው ሊቆረጥ ነው። የሁለት ወር ደመወዛቸውን ይበልጣል አሉ፤ እኚህ ሰውዬ ደግሞ አራት ልጅ ነው የሚያሳድጉት።»

የመጽሐፉን ስም ስትነግረኝ እግሬ ከዳኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ። ወዲያው «እኔ ነኝ» አላልኩም። ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ወደ በሩ ሄድኩ። ማህተሙ አልደረቀም፣ በእኔ ላይ የተጻፈ ምንም ነገር የለም፣ ከሳምንት በኋላ ገዋን ለብሼ ፎቶ ልነሳ ነው። ማን ያውቃል?

በሩ ላይ ፈታሹ ቦርሳዬን ከፍተው ሲያበቁ እጄን ጨበጡኝ። «እንኳን ደስ ያለህ ልጄ! አራት ዓመት ሙሉ ፈተሽኩህ፤ አንድ ቀን እንኳ አላሳፈርከኝም» አሉኝ።

እስቲ በሞቴ፣ ይሄንን ሰምታችሁ ትወጣላችሁ? እኔ አልቻልኩም። ዞሬ ተመለስኩ።

መጽሐፏን ፍለጋ

በቀጥታ ወደ ድንጋዮቹ መደርደሪያ ሮጥኩ። እጄን ከኋላ ሰደድኩ። የለችም! ላብ አጠመቀኝ። አንዲት ጋሪ የምትገፋ ሴት ቆማ ታየኛለች። አራት ዓመት ሙሉ በአጠገቧ ሳልፍ አንድ ቀን ሰላም ብያት አላውቅም። አቧራ የምትጠርግ ነበር የምትመስለኝ። ለካስ ሥራዋ ሌላ ነው።

«የጠፋብህ ነገር አለ?» አለችኝ። እየተንተባተብኩ ነገርኳት።

ይቺ ሴት በየቀኑ ጠዋት «መደርደሪያ ታነባለች»። መጽሐፉን አይደለም፤ ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር ነው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች የምታነበው። አንድ መጽሐፍ ከቦታው ሁለት ረድፍ ከራቀ ጠፋ ማለት ነው፤ ቤቱ ውስጥ እያለ የለም። ስለዚህ ተማሪው የዘበራረቀውን እሷ በየቀኑ ወደ ቦታው ትመልሳለች። የእሷ ሥራ የሚታወቀው ስትቀር ብቻ ነው።

«የካቲት ላይ እዚህ መሃል አንድ ባዕድ መጽሐፍ አግኝቻለሁ» አለች። «ቁጥሩ ስለተላጠ የየት እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም፤ ወደ ካታሎግ ክፍል ነው የላክሁት። የላጠው እጁን ይላጠው!»

አሜን ልበል ወይስ ዝም? ዝም አልኩ።

ካታሎግ ክፍል ማለት ተማሪ ረግጦት የማያውቅ፣ ከጀርባ ያለ ክፍል ነው። አንድ ጎልማሳ በመጻሕፍት ክምር መሃል ተቀምጠዋል። እኚህ ሰው ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ስሙን፣ ደራሲውን፣ ዘመኑን፣ ስለምን እንደሚያወራ መዝግበው አድራሻ ይሰጡታል። ያ ቁጥር ዝም ብሎ የተጻፈ እንዳይመስላችሁ! አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ባወጣው ዘዴ የሰው ልጅ ዕውቀት በሙሉ ከ000 እስከ 999 ይከፈላል፤ የኢትዮጵያ ታሪክ ለምሳሌ 963 ላይ ነው። በሌላው፣ ብዙ የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪዎች በሚመርጡት የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ዘዴ ደግሞ የአፍሪካ ታሪክ «ዲቲ» ከሚሉ ሁለት ፊደሎች ጀምሮ ይቆጠራል።

ሰውዬው ክምሩን እያገላበጡ «ወረቀቱ ቢላጥም አንጠፋፋም» አሉኝ። ላይብረሪ ሲገባ እያንዳንዱ መጽሐፍ የመግቢያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ማህተምም አንባቢ በማይጠረጥረው አንድ ውስጥ ገጽ ላይ ጭምር ይመታል። መዝገባቸውን ገለጡ። «አዎ፣ የሪዘርቭ ናት። ግን ጀርባዋ ተገንጥሎ ስለነበር ለጥረዛ ሄዳለች። ዝርዝሩ ለሪዘርቭ የሚደርሰው ስትመለስ ነው» አሉ። ጀርባዋ ለምን እንደተገነጠለ አልጠየቅኩም። ከኋላ አስገድጄ ስሸጉጣት ነዋ!

ጥረዛ ክፍል ምድር ቤት ነው። ወስፌ፣ ክር፣ ሙጫ፣ መጭመቂያ። አንድ ሽማግሌ ገጾቹን በክር እየሰፉ ተቀምጠዋል። በግድግዳው ጥግ እስከ ጣሪያው ድረስ የቆሰለ መጽሐፍ ተከምሯል፤ ገጹ የተቀደደ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ቡና የተደፋበት። ልክ እንደ ሆስፒታል ነው። ሽማግሌው አንዳንዱን እያነሱ «ይቺ ገጽ በምላጭ ተቆርጣለች፣ ፎቶ ኮፒ ሁለት ብር እንዳያወጣ» ይላሉ። ሰው ላይ የደረሰ ጉዳት እንደሚያወራ ሐኪም።

የእኔዋ ከክምሩ መሃል ወጣች። አቀፍኳት ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

«ይሄው ነው እኮ የኔ ሥራ»

ጋሽ ሰዓትን ቆጠራው ላይ አገኘኋቸው። መጽሐፏን ፊታቸው አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ፣ ለምን ደበቅካት?»

«ፈተና ስለነበረብኝ።»

«ለሌሎቹም ነበረባቸው እኮ።»

መልስ የለኝም።

«ብትነግረኝ» አሉ፣ «ማታ ለአንተ፣ ጠዋት ለሌላው አደርገው ነበር። ያ ሁሉ ‹ሰዓት ደርሷል› የምለው ማንም ሳያነብ እንዳይቀር ነው። ይሄው ነው እኮ የኔ ሥራ።»

ከዚያ ወደ ኮሚቴው ሄደህ አንተው ራስህ ተናገር አሉኝ። ተናገርኩ። ክሊራንሴን ነጠቁኝ፤ የጥረዛውን ዋጋ ከቅጣት ጋር ከፈልኩ፤ ማህተሙን ዳግመኛ ያገኘሁት ለምርቃት ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። የእሳቸው ደመወዝ ግን አልተቆረጠም። ያቺ የኢኮኖሚክስ «ኤ» ዛሬም ድረስ ወረቀቴ ላይ አለች። ባየኋት ቁጥር ያን ቴክስት ፈልገው ያጡት ተማሪዎች ስንት ይሆኑ እላለሁ።

ሌሎቹስ?

የእህቴ ልጅ እዚህ ድረስ ሰምታ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቢሆንም ልማዷ ነውና «እሺ ጋሼ፣ ያኔ ይሁን። ዛሬ ግን ሁሉ ነገር ኮምፒዩተር ነው» አለች።

እስቲ የጀመርሽውን ፍለጋ አሳዪኝ አልኳት። የፍቅር እስከ መቃብርን ደራሲ በአንድ ካታሎግ ውስጥ ስትፈልግ «ሀዲስ አለማየሁ» ብላ ጽፋለች። ውጤት፦ ምንም! «ሐዲስ ዓለማየሁ» ብላ ስትጽፍ መጣ። ኮምፒዩተር ሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ፣ አልፋውን አ ከዓይኑ ዐ እንደሚለይ ማን ይነግራታል? የካታሎግ ባለሙያ ነዋ! ይኸው ባለሙያ ነው የእኛን ስም በአባት ስም ሳይሆን በራስ ስም የሚያስገባው። ባሕሩ ዘውዴ «ባሕሩ» ስር ነው የሚገኙት፤ የፈረንጅ ጽሑፍ ግርጌ ላይ ግን «ዘውዴ» ተብለው ስለሚጠቀሱ ተማሪው በማይገኙበት ይፈልጋቸዋል። ዘመኑም እንደዚያው ነው። ልብ ወለዱ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ ሲቆጠር 1965 ወይም 1966 ይሆናል። ሁለቱን ያላወቀ ሰው ሁለት የተለያየ እትም ያገኘ ይመስለዋል።

ስልኳ የማይነግራት ሌላም ሰው አለ፤ የሪፈረንስ ባለሙያው። ይህ ሰው የተቀመጠው ጥያቄ ሊመልስ ነው። ርዕስህን ትነግረዋለህ፣ የት እንደምትጀምር ይነግርሃል። እኔ የመመረቂያ ጽሑፌን ስጽፍ ሁለት ወር ስዳክር የቆየሁበትን ነገር አንዲት የሪፈረንስ ባለሙያ በሃያ ደቂቃ ፈታችልኝ፤ ከዚያም ወደ ጋዜጣና መጽሔት ክፍል ላከችኝ። እዚያ ያለው ሠራተኛ በ1933 ዓ.ም. መታተም የጀመረውን የአዲስ ዘመንን ጥራዞች እንደ ቤቱ ዕቃ ነበር የሚያውቃቸው። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ካወጣቸው አምስት የሙያው ሕጎች አንዱ የአንባቢን ጊዜ ማትረፍ የሚለው ነው። ለካስ ሁለት ወሬን በሃያ ደቂቃ የለወጠችው ሕጉን አክብራ ነው!

ዛሬ ደግሞ የኤሌክትሮኒክ መረጃ ባለሙያ የሚባል ተጨምሯል። ጉግል ላይ ስትከፍቱት «ክፈል» የሚላችሁ ጥናት ብዙ ጊዜ በዩኒቨርሲቲው በኩል በነፃ ይከፈታል። ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ፕሮግራም አማካይነት እንደ እኛ ላሉ አገሮች ተቋማት በርካታ መጽሔቶች በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ ይቀርባሉ። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ማነው? ያ «ሻይ የሚጠጣው» ሰውዬ ነው።

የግዥና ስጦታ ክፍልም አለ። ምን ይገዛ፣ የትኛው ይቅር፣ በስጦታ ከመጣው የትኛው ይጠቅማል የሚለውን ይወስናል። ይህ ሥራ ተራ ከመሰላችሁ ስድስት ኪሎን አስቡ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲከፈት ቤተ መጻሕፍቱን የያዙት ስታኒስላው ኾይናትስኪ የሚባሉ ፖላንዳዊ ነበሩ። ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን እያሳደዱ ሰበሰቡ። እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተርነት ሲቋቋም የእሳቸው ስብስብ ለቤተ መጻሕፍቱ መሠረት ሆነ። ስለ አገራችን ለማወቅ ከዓለም ዙሪያ ሰው የሚመጣበት ቤት የተጀመረው አንድ ላይብረሪያን «ይቺም አትጣል» እያለ ባስቀመጣት ወረቀት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የኔን ውርደት ለእናንተ ትምህርት ላድርገውና ጥቂት ልምከር።

አንደኛ፣ ወደ ሪፈረንስ ስትሄዱ የመጽሐፍ ስም ብቻ ሳይሆን ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ሂዱ። «ስለ ግብርና መጽሐፍ አለ?» አትበሉ። «የጤፍ ዋጋ በአሥር ዓመት ውስጥ እንዴት ተለወጠ የሚለውን እየጻፍኩ ነው» በሉ። ጥያቄው በጠበበ ቁጥር መልሱ ይቀርባል።

ሁለተኛ፣ በአማርኛ ስትፈልጉ ፊደሉን እየለዋወጡ መሞከር፤ ሀና ሐ እና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ። ስሙንም በራስም በአባትም ሞክሩት። ከዚያ በፊት «መጽሐፉ የለም» ብላችሁ እንዳትወጡ።

ሦስተኛ፣ በመታወቂያችሁ ለጓደኛ መጽሐፍ አታውጡ። ጓደኛ ይሄዳል፤ ዕዳው ግን በስማችሁ ይቀራል። ክሊራንስንም እስከ መጨረሻው ቀን አታቆዩት፤ ጠዋት ሰልፍ ሳይኖር ሄዳችሁ «ዕዳ አለብኝ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አራተኛ፣ ከመደርደሪያ ያነሳችሁትን መጽሐፍ ቦታውን ካላወቃችሁ ጠረጴዛ ላይ ተዉት። በግምት ከመመለስ ጠረጴዛ ላይ መተው ይሻላል፤ ባለጋሪዋ ቦታውን ታውቀዋለች።

አምስተኛ፣ አትደብቁ! አትቅደዱ! አንድ ገጽ ስትገነጥሉ ከእናንተ በኋላ የሚመጣውን ልጅ ነው የምትገነጥሉት። ምናልባትም የአንድ አባወራ ደመወዝ ነው።

ስድስተኛና የመጨረሻው ቀላል ነው፤ ሰላምታ። ቦርሳችሁን የሚፈትሹትን ሰው «እንደምን አደሩ» ብሎ መግባት ምን ያስከፍላል?

የእህቴ ልጅ ሰኞ ዕለት ላይብረሪ ሄዳ ነበር። ማታ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ የሪፈረንሷን ሴትዮ አናገርኳት። ለካስ ሦስት ዓመት ሙሉ የተቀመጠችው እኛ እስክንጠይቃት ነው!» አለችኝ። «ታዲያ ሻይ እየጠጣች አገኘሻት?» ብላት፣ «አይ» አለች እየሳቀች፣ «ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር፤ እኔን ስታስረዳ።»

ጋሽ ሰዓት ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። የት እንዳሉ አላውቅም። ይህን ጽሑፍ ካነበቡት ግን አንድ ነገር ልበል፤ ጋሼ፣ ሰዓቱ ቢያልፍም መልሻለሁ።

ቸር ይግጠመን!